ስፖርት ስትሠራ ስትጎዳ የእግዚአብሔርን ማስጠንቀቂያም ምሕረትም እንዴት ትሰማለህ?

ባለፈው ዓመት ከደሴ ተነስቼ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ስሮጥ ጉልበቴን ወጋኝ። ችላ አልኩት። በማግስቱም ሮጥኩ። በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝና ተናድጄ ጉልበቴን በቡጢ መታሁት። ይህን ስነግራቸው የንስሐ አባቴ "ሂድና ዘኍልቍ 22ን አንብብ" አሉኝ።

እዚያ ላይ በለዓም አህያውን ሦስት ጊዜ ይመታታል። እሷ ግን የምትሸሸው ሰይፉን መዝዞ የቆመውን መልአክ አይታ ነው፤ እሱ አላየውም። ግንቡን ተጠግታ እግሩን አጣበቀችው። ኋላ መልአኩ ምን አለው? እሷ ፈቀቅ ባትል ኖሮ አንተን ገድዬ እሷን አድን ነበር። ደጋግሜ አነበብኩት። እግሩን ያሳመመችውም ከሞት ያዳነችውም ያቺው አህያ ናት። እኔም የመታሁት የሚያስጠነቅቀኝን ጉልበት ነበር።

ስለዚህ ሲያምህ መጀመሪያ ቁም። ጨዋታው 80ኛው ደቂቃ ላይ ቢሆን፣ አሰልጣኝህ ቢቆጣም ቁም። የጡንቻ መዛል በሁለት ሦስት ቀን ይለቅሃል፤ አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ፣ የሚያብጥ፣ ስትረግጥ የሚብስ ሕመም ግን ሌላ ነው። እየሮጥክ ደረትህን ከያዘህ ወይም ራስህን ከሳትክ ደግሞ ነገ አትበል፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂድ። እግር ኳስ ተጫዋቹ ፋብሪስ ሙአምባ በ2012 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዙ ክለብ ቦልተን ሲጫወት ሜዳ ላይ ወደቀ፣ ልቡ ለ78 ደቂቃ ቆመ። ብዙ ሰው ጸለየለት፣ ሐኪሞቹም ተስፋ አልቆረጡም፤ ተረፈ።

ጠበል ከገባህ ሐኪም ምን ያደርግልሃል የሚልህን አትስማ። 2ኛ ነገሥት 20 ላይ ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ አልቅሶ ሲጸልይ ዕድሜው ላይ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ በዚያው ምዕራፍ ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ።

ከዚያ ራስህን ጠይቅ። እዚህ ላይ ግን አደራ፣ "ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው?" ብለህ አትጀምር። የተጎዳ ጓደኛህንማ ጭራሽ "የእጅህን አገኘህ" እንዳትለው። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠይቁ፣ ጌታ እሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሏቸዋል። አንተ የምትጠይቀው እየሮጥክ ያለፍከውን ነው። ለግጥሚያ ብለህ ስንት እሁድ ቅዳሴ ቀረህ? ዳኛ ሰድበህ ይቅርታ ሳትጠይቅ የቀረኸው መቼ ነው? እኔ ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ፣ ያንን ለመርሳት ነበር በየቀኑ የምሮጠው። ይህንን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው።

የተሰጠህን ጊዜ ደግሞ አታባክነው። ሉቃስ 13 ላይ ሦስት ዓመት ፍሬ ያልተገኘባትን በለስ አትክልተኛው አንድ ዓመት ሲለምንላት፣ ዙሪያዋን ሊኮተኩትና ፍግ ሊያደርግላት ነው። አንተም ሐኪሙ ያዘዘልህን እንቅስቃሴ በየቀኑ ሥራ። ስትመለስ መጀመሪያ እርምጃ፣ ከዚያ ሣር ላይ ሶምሶማ፣ አስፋልቱ ይቆይ። ጾም ከሆነ ከባዱን ልምምድ ወደ መግደፊያው ሰዓት አስጠጋው። ሦስቱን የነነዌ ቀናት እኔ ጭራሽ አልሮጥም።

እኔ አራት ወር ፈጀብኝ። አሁን ሐረጎን በሚኒባስ እወርድና ሽቅቡን በሶምሶማ እመለሳለሁ። ጉልበቴ ትንሽ ጠዝጠዝ ካደረገኝ ቆሜ አማትባለሁ፣ የቀረውን በእርምጃ እወጣዋለሁ። አንዳንዴ ወንድሜም አብሮኝ ይወጣል።