ለድሬ በሁለት፣ ለሐረር በሦስት ጨርቅ፦ የሕፃን ብርድ ልብስ አሰፋፍ

ከድሬዳዋ ሐረር የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው፤ የሕፃን ብርድ ልብስ ግን በሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናቸው። ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ሌሊቱም ስለሚሞቅ ሁለት ስስ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፣ አንዳንዴም ይበዛል። ሐረር ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ መሀሉ ላይ ሦስተኛ ጨርቅ ይጨመራል። ከዚያ ውጭ አሰፋፉ አንድ ነው። ሰው የሚፈራው ስፌቱን ነው እንጂ ብርድ ልብሱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና መርፌ ሳይነሳ፣ ጨርቁ ሲገዛና ሳይታጠብ ሲቆረጥ ነው።

ጨርቁ

ለፊቱ ስስ ጥጥ ምረጡ፤ ሻሽ የመሰለ ሳሳ ያለ ወይም ለስለስ ያለ ፖፕሊን ይሆናል። ለገበሩ ድሬ ላይ ያንኑ ጨርቅ ድገሙት፤ ሐረር ላይ ፍላኔል የሚባለውን ጸጉራም ጥጥ አድርጉ። አቡጀዲ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ካልታጠበ አይለሰልስም፤ ለአራስ ቆዳ ይሻክራል።

ከድሬዎቹ ገበያዎች ከቀፊራም ግዙት ከታይዋን፣ ጨርቁን በእጅ ዳስሶ ብቻ ማመን አይበቃም። ሱቅ ውስጥ በጣም የሚለሰልሰው ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ላብ አይመጥም፣ ለድሬ ሙቀት ደግሞ የከፋ ነው። ከዳሩ ሦስት አራት ክር መዛችሁ ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት ሲነካ የሚበተን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ጠጠር የሚደርቅ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ሁለቱም ከታዩ ድብልቅ ነው። ውሃ ጠብ አድርጎ መጠጣቱን ማየት ግን አዲስ ጨርቅ ላይ ያሳስታል፤ ፋብሪካ የሚቀባው ማጠንከሪያ ንጹሕ ጥጥንም ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል።

ተሰፍቶ ሲያልቅ 75 በ90 ሴንቲ ለሚሆን ብርድ ልብስ፣ የጨርቁ ስፋት 110 ሴንቲ ከሆነ ለፊቱ 1 ሜትር፣ ለገበሩ 1 ሜትር ይበቃል። ስፋቱ 150 ሴንቲ ከሆነና ሁለቱንም ከአንድ ጨርቅ ማውጣት ከፈለጋችሁ 1 ሜትር ከ70 ግዙ። በ1 ሜትር ሁለቱን ጎን ለጎን ለማውጣት 156 ሴንቲ ስፋት ስለሚያስፈልግ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሒሳቡን ይስታል።

ለሦስተኛው፣ ለመሀሉ ጨርቅ፣ አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ያረጀ ጋቢ ካለ ስፌቱን ፈትታችሁ ከአራቱ አንዱን ብቻ ውሰዱ። ደጋግሞ የታጠበ የእጅ ሽመና ከማንኛውም የሱቅ ሙሊት ይለሰልሳል፣ አየርም ያሳልፋል። ጥለቱን ግን ቆርጣችሁ አውጡ፤ የጥለት ክር ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ስለሆነ በስስ ጨርቅ ውስጥም ይኮሰኩሳል።

ማጠብ፣ ከዚያ መቁረጥ

ሁሉንም ጨርቅ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉ፤ በማግስቱ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ሁለት ጊዜ እጠቡ። ጥጥ ሲታጠብ ከ100 ሴንቲው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሊያጥር ይችላል፤ ፍላኔል ከዚያም በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ፍላኔል ስትገዙ 10 ሴንቲ ጨምሩ። ሳይታጠቡ የተሰፉ ሁለት ጨርቆች መጀመሪያ ሲታጠቡ እኩል ስለማያጥሩ አንዱ ሌላውን ይስበዋል፤ ብርድ ልብሱም እንደ ደረቀ ቅጠል ይጨማደዳል። ከዚያ በኋላ ካውያም አያድነው።

ደማቅ ቀለም ካለው እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹበት። ቀለም ከለቀቀ እንደገና እጠቡት፤ አሁንም ከለቀቀ ለሕፃን አይሆንም፣ ለሌላ አውሉት። ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ይይዛል የሚባለው በፋብሪካ በተቀለመ ጥጥ ላይ አይሠራም።

ጨርቁ ትንሽ እርጥበት እንዳለው ተኩሱት። ካውያውን እየጎተታችሁ ሳይሆን እያነሳችሁ እያስቀመጣችሁ፤ ስስ ጥጥ ሲጎተት ድሩና ማጉ፣ ማለት የቁሙና የአግድሙ ክር፣ ይዛነፋል። ቀጥታውን ለማግኘት ከዳሩ አንድ ማግ በመርፌ ጫፍ ያዙና ቀስ ብላችሁ ምዘዙት። ክሩ የወጣበት ስስ መስመር ይታያል፤ በእሱ ላይ ቁረጡ። ፖፕሊን ከሆነ ትንሽ ቀዶ መሰንጠቅ ይቻላል፤ ሻሹን ግን አትሰንጥቁት፣ ዳሩ ይሳባል።

ሁለቱንም 78 በ93 ሴንቲ ቁረጡ፤ በየጎኑ 1.5 ሴንቲ የስፌት ትርፍ ማለት ነው። ምልክቱን በደረቀ የሳሙና ስባሪ አድርጉ፤ በመጀመሪያው እጥበት ይጠፋል፣ እስክሪብቶ ግን አይወጣም። ከዚያ ከማዕዘን ማዕዘን በሜትር ለኩ። ሁለቱም ሰያፎች 121 ሴንቲ ተኩል ገደማ መምጣት አለባቸው። በመካከላቸው ከግማሽ ሴንቲ በላይ ልዩነት ካለ ጨርቁ ጠማማ ነው፤ እንደገና አስተካክሉት።

ማዕዘኖቹን ክብ አድርጓቸው። የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ጥጉ ላይ አስቀምጡና ዙሩን ተከትላችሁ ቁረጡ። ሹል ማዕዘን ሲገለበጥ ጠጥሮ ይቀራል፤ ሕፃን ደግሞ አፉ ውስጥ የሚከተው መጀመሪያ ጥጉን ነው።

መወስወስና መስፋት

የጨርቆቹን ፊት ለፊት አጋጥሙ። መሀል ጨርቅ ካለ በገበሩ ጀርባ ላይ አድርጉት፤ ከላይ ሲታይ ጋቢው፣ ገበሩ፣ የፊቱ ጨርቅ ይሆናል። ስፒል በየ10 ሴንቲው ሰኩና ስንት እንደሰካችሁ ቁጠሩ። 30 ከገባ 30 ይውጣ፤ የጠፋ አንድ ስፒል ካለ እስኪገኝ ድረስ ብርድ ልብሱ ሕፃን አጠገብ አይደርስም።

ስፒል ቢኖርም ዙሪያውን በሌላ ቀለም ክር ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ወስውሱ፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የስፌት መኪና ጥርሱ ከታች ያለውን ጨርቅ ቶሎ ስለሚጎትት ላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሳይወሰወስ ከተሰፋ ጥጉ ላይ ስትደርሱ ላይኛው አንድ ሁለት ሴንቲ ተርፎ ይቆያል። ስትሰፉ የበለጠ የሚለጠጠው፣ ብዙውን ጊዜ ፍላኔሉ፣ ከፊቱ ጨርቅ በታች እንዲሆን ገልብጡት።

መርፌ ለሁለት ስስ ጨርቅ ቁጥር 11፣ ለሦስቱ 14። የስፌቱ ርዝመት 2.5 ሚሊ፤ ክሩ ጥጥ ወይም ደህና ፖሊስተር። ናይሎን አትጠቀሙ፣ በካውያ ይቀልጣል፣ ጫፉም ይወጋል። መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ሞክሩ። የታችኛው ክር ወደ ላይ ከታየ የላይኛው ጠብቋል፤ የላይኛው ከታች እንደ ቋጠሮ ከተሰበሰበ ላልቷል ወይም ከቦታው ወጥቷል። ስፌት እየዘለለ ከሄደ ግን ማጥበቂያውን ከመነካካት በፊት መርፌውን ቀይሩ።

ከረጅሙ ጎን መሀል ጀምሩና ዙሩ፤ መጨረሻ ላይ 15 ሴንቲ ክፍት ተዉ። መነሻውንም መድረሻውንም ሦስት አራት ስፌት ወደ ኋላ መልሱ። ዙሩ ላይ ቀስ በሉ፤ በእጃችሁ ጨርቁን አትሳቡ፣ የተሳበ ዳር በኋላ ይወዛወዛል።

የስፌት መኪና ለሌለው ሐረር ላይ ነገሩ ቀላል ነው፦ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው «መኪና ግርግር» የሚባለው መንገድ ስሙንም ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። ወስውሳችሁ ውሰዱት፣ ክፍቱን ቦታ በስፒል ምልክት አድርጉ፣ ለሰፊው «ጥጉን በዙሩ» በሉት፤ ካልነገራችሁት በልማዱ ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል። ዳሩ ላይ ሳቲን ላድርግበት ካለ ይቅርባችሁ፤ ያንሸራትታል፣ ቶሎም ይተረተራል። በእጅ የሚሰፋ ደግሞ ክሩን ከ50 ሴንቲ አያስበልጥ፣ ይተበተባል፤ በየአራት አምስት ስፌቱ አንዱን ወደ ኋላ ይመልስ።

ከመገልበጥ በፊት ዙሩ ላይ በየ1 ሴንቲው ትርፉን በመቀስ ጫፍ ቁረጥ ቁረጥ አድርጉ፤ ከስፌቱ 3 ሚሊ ሲቀራችሁ አቁሙ። ይህ ካልተደረገ ዙሩ ሲገለበጥ ያጎበጉባል። የጋቢውን ትርፍ ብቻ ወደ 7 ሚሊ አሳጥሩ፤ ከዚያ በታች ከሄዳችሁ የእጅ ሽመና ተርትሮ ከስፌቱ ይወጣል። ገልብጡና ጥጎቹን በእንጨት ማንኪያ እጀታ ግፉ። በመቀስ አትግፉ፤ አንዴ ከበሳ ሁሉም መፈታት አለበት።

ተኩሱት፤ የክፍቱን ዳር 1.5 ሴንቲ ወደ ውስጥ እጠፉ፤ ከዚያ ከዳሩ 5 ሚሊ ገብታችሁ ዙሪያውን እንደገና ስፉ። ይህ ስፌት ክፍቱንም ይዘጋል። ቀጥሎ በርዝመቱ ሦስት መስመር ስፉ፣ በመካከላቸው 19 ሴንቲ ያህል። መጀመሪያ መሀሉን፣ ከዚያ ግራና ቀኙን፣ ሁሉንም ከአንድ ወገን ጀምራችሁ። አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች ከጀመራችሁ ብርድ ልብሱ ይጠማዘዛል። መስመር ከሌለው ደግሞ ጨርቆቹ ሲታጠቡ ይለያዩና መሀሉ እንደ ከረጢት ይነፋል።

የማይጨመርበት

ዘርፍ፣ ዶቃ፣ ቁልፍ፣ ሪባን፣ የተንጠለጠለ ክር። ዘርፍ ያምራል፣ ግን ክሩ በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል። ጥልፍ ካማራችሁ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ጥለፉ፤ ጀርባው በገበሩ እንዲሸፈን ግን ከመገጣጠሙ በፊት ይሁን።

ብርድ ልብሱ ለማቀፊያ፣ ለመንገድና ነቅቶ ለሚጫወትበት ነው። የሕፃናት ሐኪሞች ዓመት ላልሞላው ሕፃን ሲተኛ የላላ ብርድ ልብስ አልጋው ላይ እንዳይኖር ይመክራሉ፤ ፊቱ ላይ ሊወጣበት ይችላል። ባጃጅ ውስጥ ከፀሐይ ለመከለል ብሎ ፊቱን መሸፈንም ድሬ ላይ ያፍነዋል፣ ሙቀቱንም ያጠራቅመዋል።

እጥበቱ

የድሬ ውሃ ማፍያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው በውስጡ ካልሲየም ስላለ ነው። ያው ካልሲየም ከሳሙና ጋር ተያይዞ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ለስላሳው ጥጥ በወሩ እንደ ካርቶን የሚደርቀው ለዚህ ነው። ሳሙና መጨመር ያባብሰዋል። በመጨረሻው ማለቅለቂያ በ10 ሊትር ውሃ ግማሽ ስኒ ነጭ ኮምጣጤ ጨምሩ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አንዴ አውጡት፤ ሲደርቅ አይሸትም። ማለስለሻ ፈሳሽ አታስገቡ፣ ጥጡ ውሃ መምጠጡን ይቀንሰዋል። ጥላ ላይ አስጡት፤ ከመታጠፉ በፊት በሁለት እጅ ይዛችሁ አራግፉት።