ቨርዥኑ ያልታወቀ የጃቫ ጃር ፋይልን በሃሽ መለየት

ሰርቨር ላይ «ሎግ.ጃር» የሚባል ጃር (የጃቫ ኮድ የታሸገበት ፋይል) አገኛችሁ እንበል፤ ቨርዥኑ አልተጻፈበትም። ስሙን ማንም ሊቀይረው ስለሚችል አትመኑት። ይዘቱን የሚናገረው ሃሹ ነው፤ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣው፣ እንደ አሻራ የሚያገለግለው የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት። ሻ-1 እና ሻ-256 ሃሽ የሚሰላባቸው ሁለት ዘዴዎች ናቸው።

ሊኑክስ ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ «ሻ1ሰም» (sha1sum) ጻፉና የፋይሉን ስም አስከትሉ። ዊንዶውስ ላይ በፓወርሼል «ጌት-ፋይልሃሽ» (Get-FileHash) አለ፤ ካልነገራችሁት ግን የሚያወጣው ሻ-256 ስለሆነ አልጎሪዝሙ (የስሌት ዘዴው) ሻ-1 እንዲሆን እዘዙት። የሚወጣው 40 ምልክት ነው፦ ከ0 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደላት። 64 ከቆጠራችሁ ሻ-256 ነው።

ይህን ሃሽ ሜቨን ሴንትራል (የጃቫ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ዝግጁ ኮዶች፣ የሚቀመጡበት የኢንተርኔት ማከማቻ) መፈለጊያ ላይ በሻ-1 ፈልጉት። ከተገኘ የግሩፑንና (ያወጣውን ወገን) የአርቲፋክቱን (የላይብረሪውን) ስም ከነቨርዥኑ ይሰጣችኋል።

ካልተገኘስ? ወዲያው ቫይረስ ነው አትበሉ። ጃር በመሠረቱ ዚፕ ነው፤ አንድ ሰው ፈትቶ መልሶ ካሸገው፣ ኮዱን ባይነካም እንኳ ዚፑ ውስጥ የተመዘገበው ሰዓት ስለሚለወጥ ብቻ ሃሹ ሌላ ይሆናል። ብዙ ላይብረሪ አንድ ላይ የታጨቀበት ጃርም እንደዚያው። ያኔ ጃሩ ውስጥ ባለው «ሜታ-ኢንፍ» (META-INF) ፎልደር ስር «ፖም.ፕሮፐርቲስ» (pom.properties) የሚባል፣ ስምና ቨርዥን የሚጻፍበት ፋይል ካለ አንብቡት፤ ፍንጭ ይሰጣል፣ ማስረጃ ግን አይሆንም።

በ2017 ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት ሻ-1 እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። ስለዚህ ሻ-1 ለመለየት ይበቃል፤ ፋይሉን ለማመን ግን ያንኑ ቨርዥን ከሴንትራል አውርዳችሁ የሁለቱን ሻ-256 አወዳድሩ። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ምልክቶች ብቻ አይታችሁ «ያው ነው» እንዳትሉ።