አሮጌ ፖስታ መሰብሰብ ለምትፈልጉ፣ መጀመሪያ ቴምብሩን አትንቀሉት

ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ሞልቷል፣ ፖስታውን እንዳለ የሚሰበስብ ግን በጣም ጥቂት ነው። ለኔ ደሞ ዋናው ነገር ያለው ፖስታው ላይ ነው። ቴምብሩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማላቀቅ ብዙዎቻችን ተማሪ እያለን ያየነው ነገር ነው ግን አንዴ ከላቀቀ በኋላ ደብዳቤው ከየት ተነሳ፣ በየት በኩል አለፈ፣ መቼ ደረሰ የሚለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ የሚቀራችሁ ግማሽ ማኅተም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ነው። ስለዚ ቴምብሩን አትንቀሉ፣ ጠርዙንም በመቀስ አታስተካክሉ፣ ውስጡ ደብዳቤ ካለ አብሮ ይቀመጥ።

የት ይገኛል ለምትሉ፣ ከቤታችሁ ጀምሩ። የአባት ሳምሶናይት፣ የአያት ሣጥን፣ አሮጌ መጽሐፍ መሀል። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ሕብረት ወይ ኩባ ሄዶ የተማረ ዘመድ ካላችሁ ያኔ ለቤተሰብ የላከው ደብዳቤ አንድ ቦታ ታስሮ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደሞ በተቃራኒው ከአገር ቤት የመጡላችሁን እዩ፣ በተለይ ያ ሰማያዊ ራሱ ታጥፎ ፖስታ የሚሆነው ኤሮግራም፣ ብዙ ሰው ርካሽ ወረቀት ነው ብሎ ይጥለዋል። ግን ቤተሰብን ሳታስፈቅዱ የሰው ደብዳቤ ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ፣ አድራሻውና ማኅተሙ ይበቃል። ከቤት ውጭ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ እና ቸርችል ጎዳና ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ጋ ጠይቁ፣ ኦንላይን ደሞ ኢቤይና ደልካምፕ የሚባሉ የመሸጫ ድረ ገጾች አሉ። እዛ ስትፈልጉ ኢትዮጵያ ብቻ ብላችሁ አትቁሙ፣ አቢሲኒያ ብላችሁም ፈልጉ፣ የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ በዛ ስም ነው የሚወጡት።

አሁን ፖስታው እጃችሁ ገባ እንበል። ከፊቱ በፊት ጀርባውን አዙሩ። ድሮ ደብዳቤው የደረሰበትና አንዳንዴም ያለፈበት ፖስታ ቤት ከጀርባ ማኅተም ይመታ ነበር፣ የላኪውን ቀንና የደራሹን ቀን ስታስተያዩ መንገዱ ስንት ቀን እንደፈጀ ታውቃላችሁ። ቀኑን ስታነቡ በፈረንጅ ነው በኛ የሚለውን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ትስታላችሁ። ከፊት ደሞ የከተማውን ስም ፈልጉ፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ የትንሽ ከተማ ማኅተም ነው የሚፈለገው። አድራሻው ላይ ፖ.ሣ.ቁ. ካለ እሱንም መዝግቡ፣ እኛ ጋ ደብዳቤ እቤት ድረስ ይመጣ ስላልነበረ የሣጥን ቁጥሩ የማን መስሪያ ቤት ወይ ሱቅ እንደነበር ለማወቅ ይረዳል።

ዘመኑን መለየት ትንሽ ታሪክ ይጠይቃል፣ ለኔ በጣም የሚጥመኝም እዚህ ጋ ነው። ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም ነው፣ ቴምብሮቹም ፓሪስ ታትመው መጡ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ላይ የንጉሡ ምስል ከፍተኛዎቹ ላይ አንበሳ። ግን አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት ውስጥ የገባችው በ1901 ዓ.ም ስለሆነ ከዛ በፊት የኛ ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን ባህር አያሻግርም ነበር፣ ጅቡቲ ላይ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበታል። ስለዚ አንድ ፖስታ ላይ የሁለት አገር ቴምብር ብታዩ አትደንግጡ፣ እንደውም ደስ ይበላችሁ። ጋምቤላ ውስጥ ደሞ የሱዳን ፖስታ ቤት ስለነበረ በሱዳን ቴምብር ላይ የጋምቤላ ማኅተም የተመታበት አለ፣ ይሄን የማያውቅ ሻጭ ከሱዳን ዕቃ ጋ ቀላቅሎ ያስቀምጠዋል። በጣልያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ማለት ነው፣ የጣልያን ሳንሱር ማኅተም ወይ የተከፈተበትን ጠርዝ መልሶ ያሸገ ወረቀት ታገኛላችሁ፣ የወታደር ከሆነ ፖስታ ሚሊታሬ ብሎ ቁጥር ይከተላል። ያንን የማሸጊያ ወረቀት ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትልጡት በናታችሁ።

ስለ ፎርጅድ ደሞ፣ የምኒልክ ቴምብር ላይ ቦስታ (ፖስታ ለማለት) ወይ ማለክት (መልእክት ለማለት) የሚል ጽሑፍ በላያቸው የተመታባቸው አሉ፣ እውነተኛው እንዳለ ሆኖ የተጭበረበረው ብዛቱ አይጣል ነው፣ ገና ጀማሪ ከሆናችሁ በቃ አትግዙ። ሌላው፣ ሁሉም ዓይነት ቴምብር በተርታ ተለጥፎበት አውሮፓ ላለ ቴምብር ነጋዴ የተላከ ፖስታ ካያችሁ፣ ያ ለመሰብሰቢያ ተብሎ የተሰራ ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን አንድ ነጋዴ ለጉዳዩ ልኮት ዋጋው ልክ ተለጥፎበት እንደሄደ ደብዳቤ አይሆንም። ማኅተሙ ከቴምብሩ ወደ ወረቀቱ ሳይቋረጥ ማለፉንም እዩ፣ መስመሩ ጠርዙ ላይ ከተሰበረ ቴምብሩ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል።

አቀማመጥ ላይ ትልቁ ጠላት ላሚኔሽን ነው። ሰው የሚወደውን ነገር ሁሉ ላሚኔት ያስደርጋል፣ አንዴ ከተደረገ ግን መመለሻ የለውም። ፕላስተርም እንደዛው፣ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። የስቴፕለር ሽቦና አግራፍ ካለ ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ይዝጋል። ፎቶ አልበም ላይ ያለው ለስላሳ ሽታ ያለው ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፣ ቀለም ይስባል፣ በሱ ፈንታ ፖሊስተር ከሚባለው ፕላስቲክ የተሰራ ከረጢት ፈልጉ፣ ካጣችሁ አሲድ የሌለው ወረቀት ውስጥ አድርጋችሁ ካርቶን ውስጥ አቁሙት። ከወለል ከፍ ይበል፣ ፀሐይ አይንካው፣ ናፍታሊን አጠገቡ አታድርጉ። ጓንት አያስፈልግም፣ እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ።

እያንዳንዱን የፊትም የጀርባም ስካን አድርጉና ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደገዛችሁ ለየብቻ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ ምንም አትጻፉ። ማኅተም ለማነጻጸር አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ያለው የፖስታ ሙዚየም ጎራ በሉ። ከአገር ይዛችሁ ልትወጡ ካሰባችሁ ደሞ፣ በተለይ የምኒልክ ዘመን ከሆነ፣ ኤርፖርት ላይ ከመከራከር በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ሄዳችሁ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ።