የትከሻ ፑሊ ቤት ውስጥ እንዴት ይሰቀላል?

ጅማ ሄርማታ በርና መስኮት እሠራለሁ። ትከሻቸው የደረቀባቸው ሰዎች ከፊዚዮቴራፒ ሲመለሱ «ፑሊ ስቀልልን» እያሉ ይጠሩኛል። ፑሊ ማለት በሁለቱ ጫፍ እጀታ ያለው ገመድ የሚያልፍበት ትንሽ ተሽከርካሪ ነው፤ ጤነኛው እጅ አንዱን ጫፍ ወደ ታች ሲስብ የታመመው እጅ ወደ ላይ ይነሳል። በተለይ ስኳር ያለበት ሰው ለዚህ ነገር የተጋለጠ ነው። እኔ የማውቀው አሰቃቀሉን ነው። በቀን ስንት ጊዜ፣ እስከ የት የሚለው የባለሙያው ሥራ ነው። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም በስትሮክ እጁ የዛለ ሰው ሳይፈቀድለት እንዳይሞክረው። የዛለ ትከሻ በገመድ ወደ ላይ ሲጎተት ይብስበታል።

ተገዝቶ የሚመጣው ፑሊ ማሰሪያው በበሩ አናት ላይ ይገባና በሩ ይዘጋበታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ በሩ ከእናንተ ርቆ ወደ ወዲያ የሚከፈት መሆን አለበት። ወደ እናንተ የሚከፈት ከሆነ ስትጎትቱ ግንባራችሁን ይላችኋል። በዚያ ላይ ቆልፉት፤ ልጆች በር አንኳኩተው አይገቡም።

እኔ ግን ጉበኑ ላይ በቡሎን ማሰር ይሻለኛል። ቡሎኑ እንጨቱን በስቶ ይወጣና በወዲያ በኩል በዳዶ ይጠብቃል። የጭቃ ቤት ከሆነ ልስኑ ላይ ምስማር መምታት ዋጋ የለውም፤ ውስጡ ያለውን እንጨት ፈልጉ። ኮርኒስማ አይታሰብም። ሲያልቅ ራሴ በሁለት እጄ እንጠለጠልበታለሁ። እኔን ከቻለ ማንንም ይችላል።

ወንበሩ መደገፊያ ያለው፣ እግር መሬት የሚያስረግጥ ይሁን። የጅማ በርጩማ ለቡና ነው፤ ለዚህ ዝቅ ይላል።

ትልቁ ጣጣ የገመዱ ርዝመት ነው። ሦስት ሜትር ግዙ፤ ትርፉ ይቆረጣል። ሰውየው ተቀምጦ ሁለቱን እጀታ እኩል ሲይዝ እጆቹ ከትከሻው ትይዩ ወይም ትንሽ ከፍ ይበሉ። ገመዱ ከረዘመ ጤነኛው እጅ ጭን ላይ ደርሶ ይቆማል፣ የታመመው ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ካጠረ ደግሞ የታመመው እጅ ወርዶ አያርፍም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ቋጠሮውን የማላጠብቀው። አስቀምጬ፣ አይቼ፣ ነው የምቋጥረው።

ሲጀመር ፊትን ወደ በሩ አዙሮ መቀመጥ ይቀላል። እጅ እየተፍታታ ሲሄድ ባለሙያው ጀርባ አዙሩ ሊል ይችላል።

ጎታቹ ጤነኛው እጅ ነው። የታመመው ዝም ብሎ ይከተላል። አንዲት እናት ቤት ሰቅዬ ሲሞክሩት፣ እጃቸው ወጣ ብዬ ደስ ሲለኝ ትከሻቸው ጆሯቸው ሥር ገብቷል፣ ወገባቸውም ወደ ጎን ተጣሟል። «እማማ፣ እጅዎ እኮ አልወጣም፤ ሰውነትዎ ነው የዞረው» ስላቸው ሳቁ። መዳፌን ትከሻቸው ላይ አሳርፌ ቀስ ብለው እንዲስቡ አደረግኩ። ከፍታው ቀነሰ፤ ትክክለኛው ግን እሱ ነበር። መወጠር ሲሰማ ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ያቁሙ። የደረቀ ትከሻ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል በአንድ ቀን አይጨከንበት።

በክረምት ፑሊው ዝገት ይይዘዋል፤ ጠብታ ዘይት ይበቃዋል። ገመዱ ፑሊው ላይ በሚሽከረከርበት ቦታ ክሩ መፈታታት ከጀመረ ቀይሩት፤ አትቀጥሉት፤ ቋጠሮ ፑሊው ውስጥ አያልፍም።