111 ብሎን በወፍራም ጓንት፦ የሀብል ቴሌስኮፕ እዚያው ምሕዋሩ ላይ እንዴት ተጠገነ

ኤስቲአይኤስ የሚባለው የሀብል መሣሪያ የከዋክብትን ብርሃን በትኖ የሚያጠና ስፔክትሮግራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተገጠመ፣ በ2004 ኃይል የሚያከፋፍለው ካርድ ተቃጥሎ ዝም አለ። ካርዱን መንቀልና አዲሱን መሰካት ቀላል ነው። ችግሩ እሱ ጋ መድረሱ ላይ ነው፤ ሽፋኑ በ111 ትንንሽ ብሎኖች ታስሯል፣ የሠሩትም ሰዎች ጠፈር ላይ ይከፈታል ብለው አላሰቡም። ጠፈርተኞቹ ማይክ ማሲሚኖና ማይክ ጉድ በሜይ 2009 ከአትላንቲስ መንኮራኩር ወጥተው የሠሩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

1. ቴሌስኮፑን ያዙ። ሀብል በመንኮራኩሩ ሮቦት ክንድ ተይዞ በጭነት ክፍሉ ውስጥ ባለው መድረክ ላይ ይቆለፋል። ሳይቆለፍ የሚነካው የለም።

2. ደምን ከናይትሮጅን አጽዱ። የጠፈር ልብሱ ውስጥ ያለው ግፊት 4.3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ብቻ ነው፣ የሚተነፈሰውም ንጹሕ ኦክስጅን። ከመደበኛው 14.7 በቀጥታ ወደዚያ የወረደ ሰው ደሙ ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ ይፈጠርበታል። ስለዚህ የመንኮራኩሩ ግፊት ቀደም ብሎ ወደ 10.2 ይወርዳል፣ ከመውጣትም በፊት ልብሱ ውስጥ ኦክስጅን እየተነፈሱ መቆየት ግድ ነው።

3. መንገድ የሚዘጋውን መያዣ ብረት አንሱ። በአራት ብሎን የታሰረ ነው። ሦስቱ ወጡ፤ የአራተኛው ጥርስ ተበላና መፍቻው ዝም ብሎ ይሽከረከርበት ጀመር። ምድር ላይ በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ያሉ መሐንዲሶች በተመሳሳይ ብረት ላይ ሞክረው፣ በጉልበት ቢሳብ እንደሚሰበር አረጋገጡ። ማሲሚኖ መጀመሪያ ታችኛውን ጫፍ በቴፕ ጠቀለለው፣ ከዚያ ነቅንቆ ገነጠለው። ቴፑ ባይኖር ፍንጣሪው ቴሌስኮፑ ውስጥ ይገባ ወይም ጓንት ይቀድ ነበር።

4. ብሎን የሚይዘውን ሰሌዳ ግጠሙ። የጥገናው ሁሉ ብልሃት ያለው እዚህ ነው። ብሎኖቹ ከነሮንዴላቸው ተፈትተው ቢንሳፈፉ የሚለቅማቸው የለም። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ግልጽ ሰሌዳ ይታሰራል፤ በእያንዳንዱ ብሎን ትይዩ ቀዳዳ አለው። የመፍቻው ጫፍ በቀዳዳው ይገባል፣ የብሎኑ ራስ ግን አይወጣም። የተፈታው ሁሉ እዚያው ታግቶ ይቀራል።

5. ፍቱ፣ ሳትቸኩሉ። ሌሎች ሥራዎች ላይ የሚያገለግለው ትልቁ መፍቻ ለእነዚህ ብሎኖች ስለማይመች፣ ጉልበቱ አነስተኛ ግን በፍጥነት የሚዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍቻ ተሠራላቸው። እሱም አስቸገረ፤ ባትሪው እንቢ ስላለ ማሲሚኖ ተቀያሪውን ለማምጣት ወደ መውጫው ክፍል ተመለሰ። የጓንቱም ነገር አለ፦ በግፊት ስለተነፋ ጣት ባጠፉ ቁጥር ኳስ እንደመጭመቅ ነው፤ 111 ጊዜ ሲደጋገም ክንድ ይዝላል። ፀሐይም በየ45 ደቂቃው ገደማ ትወጣና ትጠልቃለች፣ ስለዚህ በጨለማው ጊዜ የራስ ቁር መብራት ሳይበራ አይሠራም።

6. ሽፋኑን ከነሰሌዳው አንሱ፣ ካርዱን በመንቀያው ሳቡ፣ አዲሱን ሰኩ። ተመልሶ የሚታሰር ብሎን የለም፦ አዲሱ ሽፋን በሁለት ማንሻ ብቻ ይቆለፋል።

7. በሩን ከመዝጋት በፊት ከምድር በሚላክ ትእዛዝ ኃይል ይለቀቅና ካርዱ ሕይወት እንዳለው ይታያል። አለው ተባለ።

ያን ቀን የነበረው ሥራ 8 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ወሰደ። በዕቅዱ የነበረው የውጭ ሙቀት መከላከያ ልባስ ጊዜ ስላጣ በማግስቱ ለወጡት ተረኞች ተላለፈ።