የደረቀ ወንዝ ውስጥ ውሃ የት ይቆፈራል?

በረሃ ውስጥ ረጅም የእግር ጉዞ ስትሄዱ ካርታው ላይ ምንጭ የተባለው ቦታ ደርቆ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ያኔ የደረቀውን ወንዝ መሀል ለመሀል አትቆፍሩ። ወንዙ የሚታጠፍበትን ፈልጉና በውጭኛው ዳር፣ ከገደሉ ሥር ቆፍሩ። ጎርፍ ሲመጣ በዚያ በኩል ፈጥኖ ስለሚሄድ ወለሉን አጥልቆ ይቦረቡረዋል። ወንዙ ሲደርቅም የመጨረሻው ውሃ አሸዋው ሥር እዚያው ይቀራል። አጠገቡ ሸምበቆ ወይም የለመለመ ዛፍ ካለማ እሰየው ነው።

ክንድ ያህል ቆፍራችሁ አሸዋው ካልረጠበ ተዉት፤ በላብ የምታጡት ይበልጣል። ከረጠበ ጉድጓዱን አስፉና ጠብቁ፣ ቀስ እያለ ያቁራል። የመጀመሪያውን ድፍርስ ድፉት። ቀጥሎ የሚመጣውን በጨርቅ አጥልሉና 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ አንተክትኩት። ጨው ጨው ካለ ወይም አካባቢው የማዕድን ማውጫ ከነበረ ግን አትጠጡት፤ ማፍላት ጨውንም ሆነ ኬሚካልን አያስወግድም።

ይሄ ለክፉ ቀን ነው እንጂ ውሃ ሳትይዙ ለመውጣት አይደለም። ደግሞ ሰማዩ በሩቁ እንኳ ከጠቆረ ከወንዙ ውጡ፤ ደራሽ ውሃ እናንተ ጋ ሳይዘንብም ይመጣል።