የሊኑክስ መግቢያ ገጽና ቨርቹዋል ተርሚናሎች ሲጋጩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ተነሥቶ ስክሪኑ ጠቁሮ ሲቀር፣ ወይም የይለፍ ቃል ጽፈው ኢንተር ሲጫኑ የመግቢያ ገጹ ድርግም ብሎ ሲጠፋ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ከስህተቶቹ ሁሉ ብዙ የሚያስከፍለው እርሱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ፎርማት የተጠቃሚውን ፋይል ብቻ ሳይሆን የብልሽቱንም መዝገብ አብሮ ይጠርጋል፤ ያንኑ ቅንብር መልሶ የሚጭን ባለሙያም ያንኑ ግጭት መልሶ ይጭናል።

ሁለተኛው ስህተት የመግቢያ ገጹ በየትኛው ተርሚናል ላይ እንዳለ ሳያጣሩ መላ መምታት ነው። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ እስከ 63 የሚደርሱ ቨርቹዋል ተርሚናሎችን፣ ይኸውም በአንድ ስክሪንና ኪቦርድ ላይ በቁልፍ የሚቀያየሩ ገጾችን፣ ያስተናግዳል። ብዙዎቻችን ግራፊክ ገጽ የሚገኘው 7ኛው ላይ ነው ብለን ተምረናል፤ የመግቢያ ገጹን ከሚያስተዳድሩት ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ላይትዲኤም ዛሬም በነባሪ ቅንብሩ ከ7 ይጀምራል። ሌላው የመግቢያ ፕሮግራም ጂዲኤም ግን የመግቢያ ገጹን 1ኛው ላይ ከፍቶ፣ ተጠቃሚው ከገባ በኋላ የሥራ ገጹን አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛው ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ7 ተጭኖ ባዶ ስክሪን ያገኘ ሰው ኮምፒውተሩ ሞቷል ከማለቱ በፊት ኤፍ1ንና ኤፍ2ን ይሞክር። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ የኤፍኤን ቁልፍም አብሮ መጫን አለበት።

ከሁሉም በላይ ሊብራራ የሚገባው ሁለት ፕሮግራሞችን በአንድ ተርሚናል ላይ የማስቀመጥ ስህተት ነው። በጽሑፍ ገጽ ላይ የተጠቃሚ ስም የሚጠይቀው ፕሮግራም ጌቲ ይባላል። ጌቲና የመግቢያ ገጹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ሁለቱም 1ኛውን ተርሚናል ከያዙ፣ ከኪቦርዱ የሚወጣው ፊደል ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም፤ በግራፊክ ገጹ ላይ የተጻፈው የይለፍ ቃል ጌቲ ዘንድ እንደ ተጠቃሚ ስም ሊቆጠር፣ አልፎም በጽሑፍ ገጹ ላይ በግልጽ ሊነበብ ይችላል። ይህ እንዳይሆን የጂዲኤም ሰርቪስ ፋይል፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ለሚያስነሣው ሲስተምዲ አነሣሡን የሚነግረው ፋይል፣ በቲቲዋይ 1 (በ1ኛው ተርሚናል) ላይ ካለው ጌቲ ጋር አብሮ እንደማይሠራ የሚያስታውቅ «ኮንፍሊክትስ» የተባለ መስመርና ቅደም ተከተሉን የሚወስን «አፍተር» የተባለ ሌላ መስመር ይዟል። ሰርቪስ ፋይል በእጁ የሚያዘጋጅ ሰው «አፍተር»ን ብቻ ጽፎ መተው የለበትም፤ እርሱ ተራ ያስይዛል እንጂ አይከለክልም።

በዚህ የተማረረ ሰው ደግሞ ጌቲዎችን በሙሉ ይዘጋል። እኔም አንድ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በነበረ ኮምፒውተር ላይ ይህንኑ አድርጌአለሁ፤ ከሳምንታት በኋላ የግራፊክስ ድራይቨሩ ሲበላሽ የምገባበት አንድም የጽሑፍ ገጽ ስላልነበረ፣ በፍላሽ አስነሥቼ የዘጋሁትን ሁሉ ለመክፈት ተገደድሁ። መግቢያዎችን የሚከታተለው የሲስተምዲ ክፍል ሎግኢንዲ በነባሪው ከ1 እስከ 6 ባሉት ተርሚናሎች ላይ ጌቲ የሚያስነሣው ተጠቃሚው ወደዚያ ሲሻገር ነው፤ 6ኛውን ደግሞ ለጌቲ ብቻ ይይዘዋል። ስለዚህ የሚዘጋው ግጭት ያለበት አንዱ ብቻ ሲሆን፣ 6ኛውን ለመግቢያ ገጽ መስጠት ፈጽሞ አይመከርም።

ከአንድ በላይ ዴስክቶፕ የጫነ ሰው ሁለት የመግቢያ ፕሮግራሞች ጎን ለጎን እንዲነሡ አይፍቀድ። ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን ለመምረጥ ዲፒኬጂ ሪኮንፊገር የተባለው ትዕዛዝ በቂ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የኃይል ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ነው። በክረምት መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት አገር ዲስኩ ያለዚያም ይበቃዋል። ይልቁንም ወደ ጽሑፍ ገጽ ተሻግረው በጆርናልሲቲኤል የመግቢያ ፕሮግራሙን መዝገብ ያንብቡ፤ ከዚያ ያንኑ ሰርቪስ ብቻ በሲስተምሲቲኤል እንደገና ያስጀምሩት። ይሁን እንጂ ይህ ትዕዛዝ የተከፈተውን ግራፊክ ገጽ ስለሚዘጋው፣ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ያለው ሰው በቅድሚያ በሎግኢንሲቲኤል የትኞቹ ገጾች ክፍት እንደሆኑ ይመልከት።